ቀሚሱ አሁን ይሰፋ

ውድ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ብርዱ ሲመጣ እንደሚብስብሽ ስለማውቅ ሐሳቤ እዚያው ነው። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። «ኪሎሽ ስንት ገባ?» ስትይኝ ዝም እላለሁ፤ አንቺም ዝምታዬን ሰምተሽ «ተይው፣ እሱ ያውቃል» ትይና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ኪሎዬ ቆሟል እማዬ። ለመክሳት ወደተደረገልኝ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ስገባ 131 ኪሎ ነበርኩ፤ በስድስት ወር ተኩል 98 ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሰባት ሳምንት ሆነኝ፣ ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን ትንሽ ዝቅ ይልና ደስ ሲለኝ በማግሥቱ ይመለሳል።

መጀመሪያ ያደረግኩትን አልደብቅሽም። በቀን ሦስቴ ሚዛን ላይ መውጣት ጀመርኩ። ከዚያ ምግብ ቀነስኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ቡና፣ ማታ ጥቂት ማንኪያ ሾርባ ብቻ። በአምስተኛው ቀን ሥራ ቦታ ደረጃው ላይ ራሴን አዞረኝና ተቀመጥኩ። ያን ቀን ስትደውዪ «ጉንፋን ነው» ያልኩሽ ውሸቴን ነበር። ይቅር በይኝ።

የምትከታተለኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችኝም፤ ወረቀት አውጥታ አስረዳችኝ። እኔ ደግሞ በአንቺ ቋንቋ ልንገርሽ። በፊት ደረጃ ስወጣ 33 ኪሎ ጤፍ እንደተሸከመ ሰው ነበርኩ። ያን ሸክም ሳወርድ ሰውነቴ ለመራመድም፣ ለመቆምም፣ ለመተኛትም የሚፈልገው ምግብ አነሰ። ያ ብቻ አይደለም። ሰውነት እንደ ባለሙያ ሴት ነው፤ ጎታው ሲጎድል ካየ እሳቱን ይቀንሳል፣ ያለችውን ያብቃቃል። በፈረንጆቹ 1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግብ ቀንሰው ተጠንተው ነበር። ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጉልበት ክብደታቸው ከቀነሰበት ልክ በላይ ወረደ፤ በረዳቸው፣ ደከሙ፣ ሌት ተቀን የሚያልሙት ስለ ምግብ ሆነ። እኔ በዚያች አንድ ሳምንት ያደረግኩት እሳቱን ይበልጥ ማስቀነስ ነበር። በዚያ ላይ ፕሮቲን ሲያንስ ሰውነት ጡንቻውንም ይበላል።

ይህን ስሰማ ያሰብኩት አንቺን ነው። በ77ቱ ድርቅ ደሴ ላይ ያየሽውን ብዙ ጊዜ አትነግሪንም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከገጠር የመጡት ሰዎች ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝተው ንፍሮ ስታድያቸው፣ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ እጇን መዘርጋት እንዳቃታት ነግረሽኛል። ለምን «ከሳሽ» ስትይ ድምፅሽ እንደሚሰበር ያኔ ገባኝ። ሌላው ሰው ቅጥነትን ጤና ሲል አንቺ ሌላ ነገር ነው የምታዪው። እማዬ፣ የእኔም ሰውነት ያንቺኑ ፍርሃት ነው የሚፈራው። ማቀዝቀዣው ሙሉ መሆኑን አያውቅም፤ ክፉ ቀን የመጣ መስሎት እኔን ለማትረፍ ነው የያዘው። ይህን ካወቅኩ በኋላ በሰውነቴ መናደድ አልቻልኩም።

አሁን ስለ አጥሚቱና ስለ ጭኮው። በሰው የላክሽልኝ ደርሶኛል፤ ከረጢቱን ስከፍተው የቤታችን ሽታ ወጣና አለቀስኩ። ማታ ማታ ከሥራ ስገባ አንድ ኩባያ አጥሚት በማር እያፈላሁ እጠጣ ነበር። ቢሆንም ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከጨጓራዬ አብዛኛውን፣ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል አውጥተውታል፤ የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ነው። እንቁላል ወይም ሥጋ ስበላ ቶሎ ይሞላና ያጠግበኛል። የሚጠጣ ነገር ግን ሳይቆይ ያልፋል፤ ማሩም ዱቄቱም ሰውነቴ ውስጥ ይገባል፣ ጥጋቡ ግን የለም። ጭኮም ቁራሹ ትንሽ፣ ቅቤው ብዙ ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን ኪሴ የማስቀምጣት ቆሎም እንዲሁ፤ አንድ እፍኝ አንድ እፍኝ እያልኩ ስንት እንደበላሁ አላውቀውም ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፍቅርሽን የምትልኪበት መንገድ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ግን በርበሬና ሚጥሚጣ ላኪልኝ፤ እነሱም እጅሽ ናቸው።

«ያ ሁሉ ወጪ፣ ያ ሁሉ መቆረጥ ባዶ ቀረ ወይ?» ብለሽ እህቴን እንደጠየቅሻት ሰምቻለሁ። አልቀረም። የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ 9.1 ነበር፤ አሁን 5.8 ነው። የግፊት መድኃኒቴ በግማሽ ቀንሷል። አባዬ እግሩን ስናጥብለት ቁስሉ ሳይሰማው እየሰፋ ይሄድ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔ ይህን ያደረግኩት ለዚያ ነው፤ ለሚዛኑ አይደለም። ሚዛኑ ቢቆምም ስኳሬ አልተመለሰም።

በቪዲዮ ያየሽው የፀጉሬ መሳሳትም አያስጨንቅሽ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ግንባሬ ላይ አዲሱ መብቀል ጀምሯል። ደም ሰጥቼም ታይሮይዱም ብረቱም ደህና ነው ተብያለሁ። ቫይታሚኖቼን አልዘልም። ብረቱን ከካልሲየሙ ለይቼ፣ ከቡናም አርቄ ነው የምወስደው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ቁርሴን ሳልዘል በቀን እስከ 70 ግራም ፕሮቲን እበላለሁ፤ መጀመሪያ እንቁላሉን ወይም ዓሣውን፣ እንጀራዋን መጨረሻ ላይ፣ ቁራሽ ብቻ። ከምግብ ጋር ውኃ አልጠጣም፣ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት አነሳለሁ። ይሄን ስትሰሚ «የወንድ ሥራ» እንዳትዪ፤ አንቺ ከወንዝ እንስራ ተሸክመሽ ስትወጪ የሠራሽው ጡንቻ ነው እኔ በገንዘብ የምገዛው። ሚዛን የምወጣው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን አማክሬያለሁ፤ እስክበረታ እንቁላሉን ፈቅደውልኛል፣ እኔም በጸሎቱ እየተካሁ ነው። እንዲህ ሆኖ ብዙ ወር ከቆመ ደግሞ የሚወጋ መድኃኒት አለ፣ ያኔ እንነጋገራለን ብሎኛል ሐኪሙ። መቆሙ ግን ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ የተለመደ ነው፤ እኔ ላይ ብቻ የመጣ ነገር አይደለም።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የሰጠሽኝን መቀነት ታውቂዋለሽ፣ ያን አረንጓዴ ጥለት ያለውን። ኪሎዬ ከቆመ በሁለተኛው ሳምንት ወገቤ ላይ አዙሬው ጫፉ የደረሰበት ላይ ቀይ ክር ሰፋሁበት። ባለፈው ቅዳሜ ደግሜ ለካሁት። ሚዛኑ ያው 98 ነው፤ የመቀነቱ ጫፍ ግን ከክሩ አራት ጣት ያህል አልፎ ሄዷል። ክር ላይ ዓይኔን ተክዬ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ልጅ ሆኜ ለበዓል ልብስ ልታሰፊልኝ ስትይ በመቀነትሽ ነበር የምትለኪኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህንን ነው። ለወንድሜ ሠርግ የሚሰፋልኝን ቀሚስ «ልጄ ከስታ ስትጨርስ» ብለሽ ሰፊው ጋ ጨርቁን አስቀምጠሽዋል። አታስቀምጪው። ይህ ሰውነት ዛሬ ያለኝ ሰውነት ነው፣ እየሠራልኝም ነው፤ በጥር ስመጣ እሱን ይዤ ነው ፊትሽ የምቆመው። ስትደውዪም ኪሎዬን አትጠይቂኝ፤ ደረጃ ወጣሽ ወይ፣ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ በይኝ።

ልኬ ይኸው፦ ደረት 112፣ ወገብ 99፣ ዳሌ 120፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 130። ሰፊው በጎንና በጎን ትርፍ ይተውበት፣ በኋላ ለማጥበብ እንዲመች። መቀነት አያስፈልገውም፤ የራሴን ይዤ እመጣለሁ።

ልጅሽ