ጤፍ ከእኛ ምን አገኘ? የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን የዓመቱ ሥራ የተነሳው ከአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። "ሰው ከዕፅዋት ምን እንደሚያገኝ በየክፍሉ ተምረናል። እነሱስ ከእኛ ምን ያገኛሉ?" አለች። እኔ ይዤ የሄድኩት ዕቅድ ችግኝ መትከልና ፖስተር መለጠፍ ነበር። ችግኙንም ተክለናል፤ ዓመቱን የበላው ግን ይህ ጥያቄ ነው።

የጀመርነው ከጤፍ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው መደብ ጥቅምት ላይ ዘራን፤ ግማሹን ማኛ፣ ግማሹን ቀይ። በአጥሩ ሥር የበቀለውን የዱር ሣር ደግሞ ማንም እንዳይነቅለው ከለከልን፤ ለማነጻጸር። የዱር ሣር ዘሩ ሲበስል ይረግፋል፤ የሚባዛውም በዚሁ ነው። ጤፍ ግን ዘሩን ይዞ አጫጁን ይጠብቃል። በጥንት ዘመን ሰው ሲያጭድ ቤት የሚገባለት ያልረገፈው ዘር ነበር። ለከርሞ የሚዘራውም ያንኑ ነው። ሰው ሳያውቀው መረጠ፣ ሣሩም ተለወጠ። ተማሪዎቹ ሁለቱን ወረቀት ላይ ሲያራግፉ ልዩነቱን በዓይናቸው አዩት። "ታዲያ ገበሬው ነው ጤፍን የሚያገለግለው ወይስ ጤፍ ገበሬውን?" የሚል ጭቅጭቅ ተነስቶ የምሳ ሰዓታችንን በላው።

እኔን የማረከኝ የአበባው ነገር ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ጤፍ በእጅ ማዳቀል ለረጅም ጊዜ አልተቻለም ነበር። አበባው ማለዳ ለጥቂት ጊዜ እንደሚከፈት ደርሰውበት መንገዱን ያሳዩት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር ታረቀ በርሄ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ነው። እኛም ታኅሣሥ ላይ፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ አጉሊ መነጽር ይዘን ተሰበሰብን። ብርዱ አይጣል ነው! ያዩት ጮኹ፤ ያላዩት "ምንም የለም" ብለው አኮረፉ።

የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በማዳቀል ቁንጮ የተባለውን ጤፍ አወጣ። ከወላጆቹ አንዱ ማኛ ነው፤ በጣም ነጭ፣ ምርቱ ግን አነስተኛ። ሌላው ዱከም ነው፤ ምርቱ ጥሩ፣ ንጣቱ ግን ገበያውን የማያረካ። ቁንጮ ሁለቱንም ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ደረሰ፤ በፍጥነትም ተስፋፋ። ልብ በሉ፣ ንጣቱን የፈለገው ተክሉ ሳይሆን እኛ ነን። ተማሪዎቹ ቤታቸው ጠይቀው ያመጡት መልስም ያው ነው፦ ለእንግዳ ነጭ፣ ለቤት ሰርገኛ። በግሌ የቀይ ጤፍ እንጀራ በሽሮ የሚያህል የለም። ገበያው ግን መች ይሰማኛል!

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በበርበሬ ሞቀ። በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ እንግዳ ነው ስል ግማሹ ክበብ አላመነኝም። እ.ኤ.አ. ከ1492ቱ የኮሎምበስ ጉዞ በፊት እኛም፣ ሕንዶችም፣ ጣሊያኖችም አያውቁትም ነበር። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። አጥቢ እንስሳትን ያባርራል፤ ወፎችን ግን አይሰማቸውም። ወፍ ዘሩን ሳያኝክ ውጦ ራቅ ያለ ቦታ ይጥልለታል፣ አጥቢ እንስሳ ደግሞ በጥርሱ ይፈጭበታል። ይህን ለማየት የጥበቃችንን ዶሮዎች ተዋስን። ያልተፈጨ ሚጥሚጣ ሰባብረን ከበቆሎ ጋር ሰጠናቸው። ምንም ሳይመስላቸው ለቀሙት። ይህን ያየ የ11ኛ ክፍል ጎረምሳ "ከዶሮ አላንስም" ብሎ አንድ ቃሪያ እንዳለ ጎረሰ። ወተት ተሯሩጠን አመጣንለት፤ ካፕሳይሲን በውሃ ሳይሆን በስብ ነው የሚሟሟው። እንግዲህ በርበሬን የወደድነው እኛን በሚያባርርበት መሣሪያ ነው፤ በዚያው ምክንያት ማሳ ሰጠነው።

ሰኔ ላይ "ከሰው ፍላጎት ብዙ ያተረፈው ተክል የትኛው ነው?" የሚል ክርክር አዘጋጀን። የቡናው ቡድን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ተነስቶ፣ በየመንና በጃቫ አድርጎ፣ ብራዚል ድረስ ወሰደን። የኬሚስትሪው መምህር ዳኛ ስለነበሩ ለቡና ያደላሉ ብለን ፈርተን ነበር። ያሸነፈው ግን ባሕር ዛፍ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት መናገሻው አዲስ ዓለም ወደምትባል ከተማ ሊዛወር ታስቦ ነበር። ያኔ ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ መጣ። ከተማዋም ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች፤ ዛፉም እንጦጦን ወረሰ። "የሚበላ ፍሬ የለው፣ ጥላው አይረባ፣ ቶሎ ማደጉ ብቻ በቃው" አለች ተከራካሪዋ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ለከርሞ እንሰት ልንተክል አስበናል። የዱሩ እንሰት በዘር ይራባል፤ የጓሮውን ግን የሚያራባው ሰው ነው፣ ከአምቾው፣ ማለትም ከመሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ግንዱ፣ ቡቃያ እያወጣ። ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ውጤቱን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቢገባ ይሻለዋል። ምዝገባው መስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ነው።