ማይ መጺኡ!

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ከመይ ኣለኻ? እናትህ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ያው ሐዋሳ፣ ያው 3ኛ ክፍል፣ ያው ጠመኔ።

በ2013 የትግራይ ስልክ ሲቋረጥ በየቀኑ እሞክር ነበር። መስመሩ ሲመለስ ግን የጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ «እንዴት ከረምክ» ብሎ መጀመር ከበደኝ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ይቅር በለኝ።

ብዕር ያስነሣኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀንን በክፍላችን አከበርን። የወትሮውን ታውቀዋለህ፤ የባህል ልብስ ተለብሶ፣ ተጨፍሮ፣ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን። ቋንቋው ራሱ ግን አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቀኑ ይመሻል። ዘንድሮ አንድ ጀሪካን ውሃና ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ውሃውን በቤቱ ቋንቋ ጠርቶ የጠየቀ ይጠጣል፤ በቃ።

የሲዳማው ልጅ «ዋ» ብሎ ጠጣ። ወላይታዋ «ሃታ»፣ ሶማሌዋ «ቢዮ»፣ ኦሮሞው «ቢሻን»። ብልጦቹ የጓደኞቻቸውን ቃል እየለቀሙ ሦስቴ ተሰለፉ። ዝም አልኳቸው፤ እንዲያውም የፈለግሁት እሱን ነበር።

«ቢሻን»ን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ አንዷ «ቢሻንጉራቻ!» አለች። ጉራቻ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ጥቁር»። ትንሽ ጸጥታ ሆነና ከኋላ ወንበር «እንዴ! ታዲያ ጥቁር ውሃ ማለት ነዋ!» የሚል ጩኸት መጣ። ክፍሉ ተናጋ። ከከተማችን ጫፍ ያለው ጥቁር ውሃና ጎረቤቱ ቢሻንጉራቻ ስማቸው አንድ ነው፤ የታክሲ ረዳት ሲጠራቸው በየቀኑ እየሰማን ማንም ልብ አላለውም። አንተ ግን ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለን፣ አውቶቡስ ውስጥ «ጸሊም ማይ ደረስን» ብለህ አስቀኸን ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ለአንድ ክፍል እንኳ አልነገርኩትም።

ለምን ዛሬ እንደሚከበር ጠየቁኝ። ያኔ የፓኪስታን ክፍል በነበረችው በዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ዳካ ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952፣ ኡርዱ ብቻውን የመንግሥት ቋንቋ አይሁን፣ ቤንጋሊም ይጨመር ያሉ ተማሪዎች በፖሊስ ጥይት እንደተገደሉ፣ ዩኔስኮም በ1999 ቀኑን እንደሰየመው ነገርኳቸው። «ለቋንቋ ብለው?» አለኝ አንዱ። ምን ልበለው? ውሃ ቀዳሁለት።

አንድ ልጅ ግን አልተሰለፈም። ብጠራው «እኔ የለኝም፤ አማርኛ ብቻ ነው የማውቀው» አለኝ፣ እንባው ሊመጣ። ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። አማርኛም የቤት ቋንቋ እንደሆነ ብነግረው አልተዋጠለትም፤ «እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል!» በመጨረሻ ያንተን የትግርኛ ቃል ሰጠሁት። መኝታ ክፍላችን ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ቧንቧው ሲያጉረመርም ቀድመህ የምትሰማው አንተ ነበርክ። «ማይ መጺኡ!» ስትል ሁላችንም ባልዲ ይዘን ስንራኮት ትዝ ይልሃል? ይህን ነገርኩትና «በል አንተም ጩህ» አልኩት። የጮኸው ጩኸት ርእሰ መምህሩን ከቢሮ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ የግቢው ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ሲዳማው ወላይታው ሳይል ሕፃናቱ ሁሉ «ማይ መጺኡ!» እያሉ ይሮጣሉ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይጠብቀኛል፤ «ዛሬስ ምን አለ?» ጸባን ሰጠሁት፣ ገዛን ሰጠሁት፣ ከልቢን ሰጠሁት። ባለፈው ሐሙስ ምስጋናው፣ «የቐንየለይ» ላይ ደረስንና ያው እንደምታውቀኝ «ቐ» አልወጣ አለኝ። እሱም እኔን ሰምቶ አብሮኝ አበላሸው።

ካንተ የተማርኩት አለቀብኝ፤ ወደ 20 የሚሆን ቃል ጻፍልኝ። ብትችል ደግሞ በድምፅህ ቅረጽና ላክልኝ፤ ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ወንድምህ