ጋሼ የሉም

ውድ አዘጋጅ፣

በጥብቅና ሥራ ከክርክሩ ይልቅ የሚያደክመኝ የፍርድ ቤት መጥሪያ ለተከሳሽ ማድረሱ ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛዬ መጥሪያ ይዞ ወደ ከሰሳቸው ሰው ቤት ሦስት ቀን ተመላለሰ። የቤቱ ቁጥር ደብዝዟል። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «ጋሼ የሉም» ይላል። መኪናቸው ግን ግቢ ውስጥ ቆሟል! በመጨረሻ በጋዜጣ ይጠሩ ተባለ፤ ቀጠሮውም ተገፋ። እስቲ ዛሬ የጋዜጣ ጥሪ የሚያነብ ማን ነው?

ችግሩ በኋላም ይከተላል። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 78 መሠረት፣ መጥሪያ በአግባቡ ያልደረሰው ተከሳሽ በሌለበት የተሰጠው ውሳኔ እንዲነሳለት፣ ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ማመልከት ይችላል። መብቱ ተገቢ ነው። ለከሳሹ ግን ሥራው እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ከጋዜጣው ጎን ለጎን በተከሳሹ ስልክም አጭር መልእክት ቢላክ ምን ይገድ ነበር?

አንድ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ