ጢስ ዓባይ ከመውረድህ በፊት

ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ድምፄን አጥፍቼ ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርደዋለህ። ካሜራ ገዝተህ በመስከረም ባሕር ዳር ልትወርድ ነው አሉ። ፏፏቴውን እንደተዘረጋ ነጠላ አድርገህ ልታነሳው ነው፤ ጭንቀቴም እሱ ነው።

ወሩን መርጠሃል። በበጋ ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫው ይጠለፋል፤ ሁለተኛው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጨመረ ወዲህማ ገደሉ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የመስከረሙ ዓባይ ግን ብዙና ፈጣን ስለሆነ ሹተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራውን መዝጊያ፣ 5 ሰከንድ ከከፈትክበት ክሩ ሁሉ ጠፍቶ ዝም ብሎ ነጭ ይሆንብሃል። ከሩብ እስከ ግማሽ ሰከንድ ይበቃዋል። 1 እና 2 ሰከንድ ለበጋው ቀጭን ውኃ ነው።

ስሌቱ ይኸውልህ። በጠራራ ፀሐይ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 11 ላይ ሹተርህ 1/200 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሌንሱ ላይ የሚገጠመው ጥቁር መስታወት፣ ባለ 6 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር፣ ብርሃኑን 64 ጊዜ ስለሚቀንሰው (እያንዳንዱ ስቶፕ በግማሽ ይቀንሰዋል) 1/3 ሰከንድ ታገኛለህ፤ የምትፈልጋት እሷን ነው። ሻጩ ባለ 10 ስቶፑን ቢያወድስልህም እንዳትገዛ፣ እዚያችው 5 ሰከንድ ላይ ይጥልሃል። ኤፍ 22 ደግሞ ፊልተር አይተካም፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ ይደበዝዛል። ፖላራይዘር የሚባለው ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር የረጠበውን ዓለት ነጸብራቅ ያነሳልሃል፣ ግን ስታዞረው ቀስተ ደመናውን ሙልጭ አድርጎ ሊያጠፋው ስለሚችል ዓይንህ እዚያ ይሁን። ፖላራይዘሩን ከኤንዲው ጋር ከደረብክ ብርሃኑ ይበልጥ ስለሚቀንስ አይ ኤስ ኦውን 400 አድርገው።

ትራይፖዱን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውን፣ ጭቃው ላይ ጫን አድርገህ ትከል፣ የመሃል ዘንጉን አታውጣ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሳ። ነጩ ውኃ ቶሎ ይቃጠላል፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ሂስቶግራሙ (ካሜራው የሚያሳይህ የብርሃን ሥርጭት ግራፍ) የቀኙን ጠርዝ ከነካ 2/3 ስቶፕ ቀንስ። ማለዳ መነሳት ሞትህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ፀሐይዋ ሳትበረታ ብትደርስ ይሄ ጣጣ ግማሹ ይቀርልሃል።

ካፊያው ማዶ ቆመህም አይለቅህም። ሌንሱን ሸፍነህ ጠብቅ፤ ነፋሱ ሲዞር በደረቅ ጨርቅ ጥረግና ወዲያው አንሳ። አንዲት ጠብታ ፎቶው መሃል ደብዛዛ ክብ ትተዋለች። በትንሿ ስክሪን አትታይም፤ አጉልተህ እያት።

አንድ ነገር ደግሞ... ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ መለመን ከበደኝ፣ ግን ካንተ በቀር ማንን እጠይቃለሁ? የእናቴ ሳሎን ግድግዳ ባዶ ነው፤ ጢስ ዓባይን ደግሞ ታውቃለህ እንዴት እንደምትወደው። ከወጣልህ ራው ፋይሉን፣ ካሜራው ሳያቀናብረው ያስቀመጠውን ጥሬ ፋይል፣ ላክልኝ። አግድም ይሁን፣ ግድግዳው ሰፊ ነው።