ደብዳቤ ለልጄ፦ ጎራዴውን ወደ አፎቱ መልሰው

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ገብሱን አጭዶ ከምሯል። ውርጩ የታችኛውን ማሳ ባቄላ መታብን እንጂ ዘንድሮ ምርቱ ክፉ አይደለም። ይህን ደብዳቤ እህትህ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ታክሲ ውስጥ ሆነህ አታንብበው፤ ቤትህ ገብተህ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። ከማንበብህ በፊት ግን አንድ ነገር አድርግ። ጎራዴው የትም ይሁን የት፣ ተነስና ወደ አፎቱ መልሰው።

መለስከው? እንግዲያው ስማኝ።

ሰኞ ዕለት የደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የምትለካኝን ነርስ ታውቃታለህ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለህ ጆሮህን አሞህ ስታለቅስ በውድቅት ሌሊት ቤታችን ድረስ የመጣችልን ናት። ክንዴን አስራ ለካችኝ። ዝም ብላ ቆየችና ደግማ ለካችኝ። ከዚያ ስልኳን ከጋዋኗ ኪስ አውጥታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። አንተ ነህ። ጥቁር ካፖርት ለብሰህ፣ አንድ ፎቅ ጣሪያ ላይ ቆመህ፣ የአያቴን ጎራዴ መዝዘህ ወደ ሰማይ አንስተኸዋል። ከሥሩ «ደም የጠማው የአባቶቼ ሰይፍ» ብለህ ጽፈሃል።

«እትዬ፣ ይህ ያ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

«እናቴ እንዳታየው» አለችና መድኃኒቴን ቆጥራ ሰጠችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ከጤና ጣቢያው እስከ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ነው የጨረስኳት።

አንተ ምንም አታውቅም፤ ጥፋቱ ያንተ አለመሆኑን አውቃለሁ። ግን አንተ ልጅ፣ ሳይጠየቅ ሳጥን ይከፈታል? ለፋሲካ መጥተህ ስትሄድ ሻንጣህ ለምን ረዘመ ብዬ አስቤ ነበር፤ የሥዕል ወረቀት መስሎኝ ዝም አልኩ። አፎቱ እስከ እጀታው ድረስ በጠፍር ታስሮ አልነበረም? ያንን ጠፍር በምን ቆረጥከው? ጠፍር ዝም ብሎ አይታሰርም። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ዳግመኛ ከአፎቱ አታውጣው። ፎቶውንም አሁኑኑ አጥፋው፤ ያጋሩት ጓደኞችህም እንዲያጠፉት ለምናቸው።

ለምን እንደወሰድከው እህትህ ነገረችኝ። የምትሥለውን የመጽሔቱን ፈረሰኛ ሰይፍ በእውነተኛ ሰይፍ አምሳል ልትሠራው ፈልገህ ነው። ያንን ፈረሰኛ ረሳችው ብለህ እንዳታስብ። ስምንተኛ ክፍል ሳለህ ከአዲስ አበባ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ገዝተህ ያመጣሃቸውን፣ ሽፋናቸው የተቀደደ መጽሔቶች እሳት ዳር ተቀምጠህ በአማርኛ ታነብልኝ ነበር። እኔ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ እሰማሃለሁ። አንተ ብላክ ናይት ትለዋለህ፣ እኔ ጥቁሩ ፈረሰኛ። እንዝርቴ ቆሞ የሰማሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ለምን እንደቆመ ግን አልነገርኩህም።

ፈረሰኛህን ዴን ዊትማንን እኮ ከጎረቤቶቼ እኩል አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቭል የሚሉት የአሜሪካ መጽሔት አሳታሚ ሲያወጣው የፊዚክስ ምሁር ነበር፤ ኑሮው ከቤተ ሙከራ እንጂ ከሰይፍ ጋር አልነበረም። ሰይፉን የጣለበት የዘር ሐረጉ ነው። መርሊን የሚሉት ጠቢብ ከሰማይ ከወደቀ ድንጋይ ለቅድመ አያቱ ለሰር ፐርሲ አበጀለት፤ የማይቆርጠው ነገር የለም። ሰር ፐርሲ በንጉሥ አርተር ዘመን ብዙ ሰው ጣለበት፤ የዚያ ሁሉ ሰው ደም ብረቱ ላይ ተቀመጠና ከእሱ በኋላ የያዘውን ሁሉ ደም ደም የሚያሰኘው ሆነ። «እማዬ፣ እርግማኑ ይህ ነው» አልከኝ። ድምፅህ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ያን ምሽት ለወጥ የከተፍኩትን ሽንኩርት አሳረርኩ።

ከሁሉ ያልረሳሁት ግን አጎቱን ነው፤ ናታን ጋሬት ነበር ስሙ። እሱም ምሁር ነበር፤ ዕውቀቱን ለክፋት አዋለው። ያንን ሰይፍ ከአፎቱ ሊመዘው ቢታገል አልወጣለትም፤ ልቡ ንጹሕ አልነበረምና። በመጨረሻ ከክንፋም ፈረሱ ላይ ወድቆ ሲያጣጥር ዴንን አስጠርቶ ተናዘዘለት። ሊሞት ሲል! ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ፣ የመጨረሻዋ ትንፋሽ ላይ ሸክሙን በወጣቱ ትከሻ ላይ አራግፎ ሄደ። ይህን ያነበብክልኝ ቀን፣ እኔ እንዲህ አላደርግም፣ ልጄ ጎልምሶ ሳየው እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጎለመስክ፤ አልነገርኩህም። ሥራ ያዝክ፤ አልነገርኩህም። ስለዚህ ዛሬ እነግርሃለሁ፤ አጎትህም የቀበረውን እኔው አወጣዋለሁ።

ያ ጎራዴ የአርበኛ ጎራዴ ነው ብዬህ ነበር፤ አልዋሸሁህም። አያቴ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ሆነው ጣሊያንን በመንዝና በተጉለት ገደል ለገደል አምስት ዓመት ሲዋጉ ታጥቀውት ነበር። ሲዘመር የኖረው ይህ ነው፤ ያኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው የደበቅኩህ።

በ1978 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ነው። አባቴ ከታች ካለው ማሳ ጎረቤት ጋር በወሰን ተጣሉ። ሞፈሩ የአንድ ክንድ ያህል አልፎ ገብቷል፣ አልገባም ነው ነገሩ። ሰውዬው በዱላ መታቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አባቴ ሞቱ። ሰውዬው ሊገድላቸው አላሰበም ነበር፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔም ሳላውቀው የቀረሁ አይመስለኝም።

ልጄ፣ ሃያ ዓመቴ ነበር። አፌ የታወቀ ነበር፤ ለሠርግም ለለቅሶም ከሦስት አጥቢያ ይጠሩኝ ነበር። ወንድሜ፣ አጎትህ፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በግ ሲጠብቅ ዋሽንት የሚነፋ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ልጅ። ለቅሶው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። እኔ ደረቴን እየደቃሁ ተነሳሁና እንዲህ አልኩ፦

አባቴ አፈር ለብሶ፣ ጎራዴው ዝገት፤
ወንድሜ ቀሚሴን ልስጥህ ልበሳት።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንዴ ብቻ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልተነሳም።

ሰር ፐርሲ ቀን ቀን ፈሪ መስሎ ቤተ መንግሥት ይውል እንደነበር አንብበህልኛል፤ ሹማምንቱ ሲስቁበት ችሎ ዝም ይል ነበር። ወንድሜ ግን መቻል አልቻለም። እኅቱ ናት ያለችው፤ ማን ይችላል? በዚያው ሌሊት ጎራዴውን ከግድግዳው አወረደ። ሲነጋ ሰውዬው ከበረቱ ደጃፍ ወድቆ ተገኘ። ሚስትና የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችው።

ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ናት ግፊቴን የምትለካኝ።

አሁን ገባህ? ለምን ከአፎቱ አታውጣው እንደምልህ ገባህ?

አጎትህ አሥር ዓመት ታስሮ ወጣ። አንተ የምታውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ቢላ ሲነካ አይተኸው ታውቃለህ? ለፋሲካ በግ የሚያርድልን ጎረቤት ነበር፤ አንተና እህትህ «አጎቴ ደም ይፈራል» እያላችሁ ስትስቁ እሱም አብሯችሁ ይስቅ ነበር። እኔ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ዋሽንቱን ከእስር ከተመለሰ በኋላ አልነካውም። ሲሞት እጄን ይዞ «አንቺ ምን አደረግሽ፣ እኔ ነኝ» አለኝ። ይህን ያለኝ ሊያሳርፈኝ ነው፤ አላሳረፈኝም።

ከእስር በወጣ ዓመት እርቅ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስቀመጡ። ወንድሜ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በሟቹ ሚስት እግር ሥር ወደቀ። የደም ካሳው ተከፈለ። ስለ ጎራዴው ክርክር ሆነ፤ ይሰበር ያለ ነበር፣ ይቀበር ያለም ነበር። የሟቹ ሚስት ናት የፈረደችው። «የአርበኛ ዕቃ ነው፤ አይሰበርም። አፎቱ ይታሰርና ያቺ ያስመዘዘችው ትጠብቀው» አለች። ያስመዘዘችው አለችኝ፤ ልክ ናት። ጠፍሩን በውኃ ዘፍዝፌ፣ በሁለቱም ወገን ፊት በእጄ አሰርኩት፤ እኔ በሕይወት እያለሁ እንደማይፈታም በመስቀል ማልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሠርግም በለቅሶም ግጥም አውጥቼ አላውቅም። ሰዎች ድምፄ የጠፋ ይመስላቸዋል።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። መንዝ ውስጥ አፋፍ ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ባለፈው ዓመት ደውለህ ደስ ብሎህ የነገርከኝን አስታወስክ? እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ታሪክ የጥቁሩ ሰይፍ ነገር ተገለበጠ፤ ሰይፉ ንጹሕ ልብን ሳይሆን ውስጡ ጨለማ ያለበትን ሰው ነው የሚወደው፣ ኃይሉንም ከዚያ ነው የሚያገኘው አልከኝ። «እማዬ፣ የሚገርም አይደለም?» አልክ። እኔን አልገረመኝም። ብረት ራሱ ምን ያውቃል? ያ ጎራዴ አምስት ዓመት የሀገር ጠላት ሲያባርር ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ላይ ተኝቶ ነበር። ጥማቱን ከእኔ አፍ ነው የጠጣው። አንተ «ደም የጠማው» ብለህ ስትጽፍ ለፈረሰኛው ብለህ ነው፤ የዚያች ልጅ ዓይን ግን የአባቷን በረት ነው ያየው።

አንድ ነገር እንዳታስብ፤ ሥዕልህን ተው አላልኩህም። እጅህን እወደዋለሁ፤ አባትህ ዝም ቢልም የላክኸውን የፈረስ ሥዕል ከመኝታው በላይ ሰቅሎታል። ፈረሰኛውን ሣለው። ፈረሱን በክንፉ ሣለው። ጎራዴውን ከፈለግህ በአፎቱ ውስጥ እንዳለ ሣለው፤ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እይዝልሃለሁ። መምዘዝ ግን አይሆንም። አባቶቻችን ጓሳን የሚያህል አምባ ለዓመታት ዘግተው ማጭድ አይግባበት ሲሉ የመንዝ ሰው ሣሩን ሳይነካ ይጠብቅ ነበር፤ እኔና አንተ አንዲት አፎት ዘግተን መያዝ ያቅተናል?

አሁን የምልህን በደንብ ያዝ። አርብ ማታ ሥራህን ጨርስ። ጎራዴውን በዚያ በሰማያዊው ጋቢ ጠቅልለው፤ ባና ላይ አታድርገው፣ ፀጉሩ እርጥበት ይይዛል። በአውቶቡስ ረዳት እጅ እንዳትልከው፤ ራስህ ይዘኸው ና። ቅዳሜ በሌሊት ተነስተህ ደብረ ብርሃን ቁርስህን ብላ፤ ባዶ ሆድህን ጣርማ በር ብርድ ላይ አትውጣ፣ ሆድህ ደካማ ነው። ከላይ የሚለበስ ነገር ያዝ። ለአባትህ የባትሪ ድንጋይ አራት፣ ለእኔ ያንን የእግር ቅባት ግዛልኝ። ጸጉርህንም ተስተካከል፤ ሽማግሌ ፊት ነው የምትቀርበው።

ስትደርስ መጀመሪያ ወደ ቤት አትምጣ። እህትህ መናኸሪያ ትጠብቅሃለች፤ ቀጥታ ወደዚያች ነርስ ቤት ሂዱ። እናቷ አርጅታለች፣ ጆሮዋ ደክሟል፤ ጠጋ ብለህ ጮክ ብለህ ተናገር። ፎቶውን አላየችም፤ ልጇ ደብቃታለች። አንተ ግን ንገራት። እኔ ሠላሳና አርባ ዓመት ስለ ደበቅኩ ምን እንደሆነ አይተሃልና። ምን ማለት እንዳለብህ አልጽፍልህም፤ ሰው በሰጠህ ቃል ሳይሆን በራስህ ቃል ተናገር። ብትቆጣህ ቻል፤ ብታለቅስ አብረህ ተቀመጥ። ብቻ፣ ልጄ፣ እሷ አውጣው ብትልህ እንኳ ከአፎቱ አታውጣው።

ኅዳር 12 የሚካኤል ዕለት ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ። ከፊተኞቹ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱን አባትህ በበቅሎ ያመጣቸዋል። እዚያ ከሁለቱም ወገን ፊት አፎቱን እናስረዋለን። እኔ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቋጠሮውን አንተ ታጠብቃለህ፤ እኔ ጫፉን እይዛለሁ።

አባትህ ከታረደው በሬ ቆዳ አዲስ ጠፍር ቆርጦልኛል። ዛሬ ማታ ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ በጣም ከቆየ ይበሰብሳልና እንዳትዘገይ።

እናትህ