የእሑዱ ጉዞ ከድልድዩ ማዶ ነው

ውድ የእግር ጉዞ ማኅበራችን አባላት፣

የፊታችን እሑድ ጉዟችን ወደ ጣና ገዳማት አይደለም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በአዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ ከባሕር ዳር ከተማ በኩል ባለው ጫፍ እንገናኝ። በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ቆም እያልን ወንዙን እናያለን፣ የሚቸኩል ሰው የለብንም።

ዋናው ጉዳያችን ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ የሚኖሩትን የወይጦ ማኅበረሰብ ቤተሰቦች መጎብኘት ነው። ወይጦዎች በጥንት ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፣ በሃይማኖታቸው ሙስሊሞች ናቸው። ታንኳ ሲሠሩ ቀርቦ ማየት ደስ ይላል፦ ደንገል የተባለውን ረጅም የውኃ ዳር ተክል አድርቀው በነዶ በነዶ አድርገው፣ በጉልበት ተጭነው እያጠበቁ ያስሩታል። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ቀጥ ተደርጎ ቆሞ ፀሐይ መሞቅ አለበት። እኔ ከፋይበር ጀልባ ይልቅ ይህን አደንቃለሁ፤ መዋኘት የማይችል ግን በዓይኑ ብቻ ያድንቅ።

አደራ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። የሰው መኖሪያ እንጂ ሙዚየም አይደለም። ስማቸው ለዘመናት በንቀት ሲነሣ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ በአነጋገራችንም እንጠንቀቅ። የሚሸጡትን ቅርጫት የወደደ በዋጋው ይግዛ፤ በጥቂት ብር አንከራከር።

ባርኔጣና ውኃ ያዙ። የማትመጡ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁን፤ ቁርስ የሚታዘዘው በቁጥራችን ልክ ነው።

የጉዞ አስተባባሪ