‹‹እኔ›› የሌለበት ሳምንት፦ የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባት ዘገባ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስንት ስብሰባ እንደተደረገና ማን ሰብሳቢ እንደነበረ ነው። እሱን ቶሎ ልጨርሰው። የንባብ ክበባችን ዘንድሮ በ23 አባላት ጀምሮ በ19 ጨረሰ። የምንገናኘው ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ነበር፤ ፈተና ሲደርስ ሁለት ዓርብ ዘለናል። ቃለ ጉባኤው በሥርዓት ተይዟል። የያዝኩት እኔ ስላልሆንኩ ነው።

አሁን ወደ ወጋችን።

የዓመቱን ርዕስ የመረጡት ልጆቹ ናቸው። እኔ ግጥም ይሁን ብዬ ነበር፣ ተሸነፍኩ። የተመረጠው ዲስቶፒያ ነው። ሁሉም ነገር በሥርዓት የተደረደረበት፣ ግን ሰው እንደ ልቡ የማይኖርበት የምናብ ዓለም ታሪክ ማለት ነው። ጥያቄያችን ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ከሌላው ጋር ሲመሳሰል ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል?

በአጭር መጽሐፍ ጀመርን። አይን ራንድ በ1938 ያሳተመችው ‹‹Anthem›› (መዝሙር) ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። በዚያ ዓለም ‹‹እኔ›› የሚባል ቃል የለም። የባለታሪኩ ስም እኩልነት 7-2521 ነው፤ ስለ ራሱ ሲያወራ ‹‹እኛ›› ይላል። ያንን የተከለከለ ቃል የተናገረ ሰው በእሳት ይቃጠላል።

አንዱ ልጅ ‹‹ለምን አንሞክረውም?›› አለ። ለአንድ ሳምንት በአባላቱ መካከል ‹‹እኔ›› ክልክል ሆነ። ቀላል መስሎን ነበር። አማርኛ የሚናገር ሰው ቀኑን ሙሉ ‹‹እኔ›› ሳይል መዋል ይችላላ! ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። የኛ ‹‹እኔ›› ግሱ ውስጥ ተደብቋል። ‹‹አነበብኩ›› ስንል ‹‹ኩ›› የምትለው እኔን ነው። ‹‹እሄዳለሁ›› ላይ ‹‹ሁ›› አለች። አንዲት ልጅ ራሷን አሟት ‹‹ራሳችንን አመመን›› ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በሦስተኛው ቀን ሳቁ ቆመ። አንዱ ብልጥ ‹‹የቤት ሥራውን አልሠራንም›› ማለት ጀመረ። የሠሩት ተናደዱ። እሱ ግን ተመችቶታል። ለካ ‹‹እኛ›› ጥፋት ያከፋፍላል። መመሳሰል ምን እንደሚያተርፍ ከመጽሐፉ ይልቅ የነገረን ይሄ ልጅ ነው። ሳምንቱ ካለቀ በኋላም አልተወውም፣ በግድ አስተውነው።

ቀጥሎ የየቭጌኒ ዛምያቲንን ‹‹እኛ›› አነበብን። ደራሲው በአገሩ ሊያሳትመው አልቻለም። መጀመሪያ የወጣው በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988፣ እሱ ከሞተ ከ51 ዓመት በኋላ ነው። ሰዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፣ የሚኖሩት በመስታወት ቤት ነው። ልጆቹን የረበሻቸው ግን መስታወቱ አይደለም። ባለታሪኩ ሲጀምር ደስተኛ መሆኑ ነው። የጆርጅ ኦርዌልን ‹‹1984›› በጨረፍታ ነው ያለፍነው። ጨርሶ ያነበበውም ያላነበበውም እኩል የሚያወራበት መጽሐፍ ስለሆነ ክርክሩ አልያዘልንም።

በመሃል ከልብወለድ ወጣ አልን። ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ሙከራ አለ። አንዱ ካርድ ላይ አንድ መስመር፣ ሌላው ላይ ሦስት መስመሮች። ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው? ሕፃን ይመልሰዋል። ግን ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድሞ ተነግሯቸው ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ከተፈተኑት ከ4ቱ 3ቱ ያህል ቢያንስ አንዴ አብረው ተሳስተዋል።

እኛም ሞከርነው። ሰባት ልጆች አስጠናሁ። ስምንተኛው ምንም አያውቅም። የመረጥኩት የክበቡን ዋና ተከራካሪ ነው፤ እሱ እንኳ አይበገርም ብዬ። ሁለቱ ዙሮች በሰላም አለፉ። በሦስተኛው ሰባቱም ‹‹ለ›› አሉ። እሱ ኮራ ብሎ ‹‹ሐ›› አለ። በአራተኛውም ብቻውን ቀረ፣ ድምፁ ግን ቀነሰ። በአምስተኛው ካርዱን አየ። ልጆቹን አየ። ደግሞ ካርዱን አየ። እንደነሱ ‹‹ሀ›› አለ። መልሱ ‹‹ሀ›› አልነበረም።

ነገሩን ስነግረው አልሳቀም። ማስመሪያ አውጥቶ መስመሮቹን አንድ በአንድ ለካቸው። ‹‹ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር። መነጽር ሊታዘዝልኝ ነው ብዬ እኮ ነው›› አለ። ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁንም ሳስበው ደስ አይለኝም። አሽ ከተፈታኙ ጎን እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ሲጨምር፣ አብሮ የመሳሳቱ ነገር በጣም ቀንሶ ነበር። ይህን እያወቅኩ ከሰባቱ አንዱን እንኳ ከልጁ ጎን አላቆምኩም።

ከዚያ የአልደስ ሃክስሊ ‹‹ብሬቭ ኒው ወርልድ›› መጣ። የታተመው በ1932 ነው። ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንትዮች የሚመረቱበት፣ ትንሽ ሲከፋህ ሶማ የሚባል ክኒን የምትውጥበት ዓለም ነው። ልጆቹ ተናደዱ። ይህን ዓለም ማንም ጤነኛ ሰው እንደማይመርጥ በየተራ ተናገሩ። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርስለታል። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ነው።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ በዓመቱ ሦስት ጊዜ እንኳ የተናገረች የማይመስለኝ ልጅ ‹‹እኔ ግን ብኖርበት ደስ ይለኛል›› አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ጫጫታው ተነሳ። ‹‹እንዴ! ሰው ነሽ ግን?›› ‹‹ባሪያ መሆን አማረሽ?›› ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ባለማስመሪያው ልጅ ነበር። እኔ ደግሞ ‹‹መጽሐፉን በደንብ አንብቢው›› አልኳት። በመምህር አፍ ይሄ ‹‹ዝም በይ›› ማለት ነው። ለመለየት መብት ግማሽ ዓመት ስንሟገት የከረምነው ሰዎች ነን እንግዲህ።

በሳምንቱ መጽሐፉን ይዛ መጣች። ምዕራፍ 17 ላይ ወረቀት ሸጉጣለች። ከዓለም ተቆጣጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ሙስጠፋ ሞንድ፣ ‹‹አረመኔው›› ከሚሉት ከጆን ጋር የሚከራከርበት ቦታ ነው። ‹‹ቲቸር፣ ጨረስኩት›› አለች። ‹‹ሰውየው እኮ አልዋሸም። ጆን የሚለው ያለመደሰት መብቴን ስጡኝ ነው። እርጅናውን፣ በሽታውን፣ ረሃቡን ሲዘረዝርለት ሁሉንም እፈልጋለሁ ይላል። እኔ አልፈልግም። ታምሜ አውቃለሁ።››

የጮኸ የለም። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

ከዚያ በኋላ የሄድንበት ክርክር የዓመቱ ምርጥ ነው። በርናርድ ማርክስን አነሳን። ከእኩዮቹ ስለሚያጥር ይገለላል፣ ሥርዓቱን ያማል። ሰው ግብዣ ሲጠራው ግን ሐሜቱ ይጠፋል። መለየትና መገለል አንድ እንዳልሆኑ ያወቅነው በሱ ነው። ጓደኛው ሄልምሆልትዝ ደግሞ ወደ ደሴት ሲሰደድ ምረጥ ቢባል፣ የተሻለ እጽፋለሁ ብሎ አየሩ የከፋውን መረጠ። ልጆቹ ሁለት ዓርብ ሙሉ ተጨቃጨቁበት። ግማሹ ጀግና፣ ግማሹ ታይታ ነው አለ።

የመጨረሻው የሬይ ብራድበሪ ‹‹ፋራናይት 451›› ነበር፣ የ1953 መጽሐፍ። በዚያ ዓለም የእሳት ሠራተኞች ሥራ መጽሐፍ ማቃጠል ነው። አለቃቸው ቢቲ እንደሚለው፣ መጽሐፍ መጥላት የጀመረው ከመንግሥት አይደለም፣ ከሕዝቡ ከራሱ ነው። መጨረሻው ላይ መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ሰዎች አሉ። እናንተ የትኛውን ትይዛላችሁ ብዬ አንድ ወረቀት አዞርኩ። ከ19ኙ 11ዱ የመጀመሪያው ልጅ የጻፈውን ደገሙት! ወረቀቱን ቀድጄ ለየብቻ አስጻፍኳቸው። 16 የተለያየ መጽሐፍ ወጣ። አንዱ የሒሳብ መማሪያችንን ነው የጻፈው። የምሩን ይሁን አይሁን እስካሁን አልገባኝም።

በመዝጊያው ዕለት ለመጪው ዓመት አንድ ደንብ ቀረበ። ሁላችንም በአንድ ሐሳብ ከተስማማን ስብሰባው አይዘጋም፤ አንድ ሰው ተነስቶ ተቃራኒውን ይከራከራል። ደንቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ልትዘጋ ስትል ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

‹‹ቆይ፣ በደንቡ መሠረት እኮ ገና አልጨረስንም።››